ሐሙሲት፦ በሐሙስ ቀን የተሰየመች ከተማ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ የዓባይን ድልድይ ተሻግራችሁ፣ ዘንዘልማን አልፋችሁ፣ ወደ ወረታ ከሚወስደው መንገድ ግማሽ ያህሉን ስትጨርሱ መኪናው ፍጥነቱን ይቀንሳል። ባጃጆች ከግራ ከቀኝ ይወጣሉ፣ እህል የጫነ አይሱዙ መንገድ ዳር ቆሟል፣ አህያ የሚነዳ ሰው አስፋልቱን ለማቋረጥ ይጠብቃል። ይህች ሐሙሲት ናት። በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በደራ ወረዳ የምትገኝ፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለች ትንሽ ከተማ።

አብዛኛው መንገደኛ እዚህ ውሃ ገዝቶ ያልፋል። የሚቸኩለው የጎንደርን ግንብ ለማየት ወይም ደብረ ታቦር ለመድረስ ነው። ሐሙሲት ውስጥ የንጉሥ ግንብ የለም። ታዲያ ታሪክ የላትም ማለት ነው? እስቲ ረጋ ብለን እንይ። ግንብ ባይኖራትም ሁሉም ሰው የሚያነበው፣ ግን ማንም ልብ የማይለው አንድ ሰነድ አላት። ሰነዱ ስሟ ነው።

ስሙ ምን ይላል?

ሐሙሲት የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው «ሐሙስ» ነው። ሁለተኛው መጨረሻው ላይ ያለው «ኢት» ነው፤ «አሮጊት» በሚለው ቃል ላይ እንደምናየው የሴት መጨረሻ ነው። ሐሙስን ወስዳችሁ አንስታችሁ ጥሩት እንደማለት ነው።

ሐሙስ ራሱስ ምንድን ነው? የቀኖቻችንን ስም በግዕዝ ቁጠሩት። እሑድ አንደኛ፣ ሰኑይ ሁለተኛ፣ ሠሉስ ሦስተኛ፣ ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ። ሰኑይ በአማርኛ ሰኞ ሆነ። ሠሉስ ግን ቦታውን ለማክሰኞ ለቀቀ፤ ማክሰኞ ማለት የሰኞ ማግስት ነው። ሐሙስ ምንም ሳይነካ እስከ ዛሬ ደረሰ። «አምስት»ም «ሐሙስ»ም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ስለዚህ ሐሙሲት ስትሉ ሳታውቁት አንድ ቁጥር እየጠራችሁ ነው።

ከተማን በቀን ስም የሚጠራ ሰው ደግሞ ሌላም ነገር እየነገራችሁ ነው። ቦታው መጀመሪያ የታወቀው በነዋሪዎቹ ሳይሆን በመጪዎቹ ነው ማለት ነው። «ወዴት ትሄዳለህ?» ሲባል «ወደ ሐሙሲት»፤ ሐሙስ ወደሚቆመው ገበያ። በሳምንቱ ሌሎች ቀናት ሜዳ የሆነ ቦታ አንድ ቀን ብቻ በሰው ይሞላል። ገበያው ቀድሞ ቆመ፤ ከተማዋ ኋላ መጣች። በዚያው በደራ ወረዳ አርብ ገበያ የሚባል ሌላ ከተማ አለ፤ የእሱንም ታሪክ ስሙ ይነግራችኋል።

ለምን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ?

ዛሬ ሱቅ በየቀኑ ይከፈታል። ታዲያ አያቶቻችን ለምን ሳምንት ጠበቁ? መልሱ የእግር ጉዞና የሒሳብ ጉዳይ ነው።

አንዲት ሴት ጎህ ሲቀድ ቁና የሚሆን ጤፍ ተሸክማ ከቤቷ ወጣች እንበል። ከተጫነች አህያ ጋር በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። ሦስት ሰዓት ከተጓዘች 12 ኪሎ ሜትር ሆነ። ገበያ ውላ፣ ሸጣ፣ ጨው ገዝታ፣ ሳይመሽ ቤቷ መግባት አለባት። ስለዚህ ለእሷ የገበያው ወሰን 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከገበያው መሐል ተነስታችሁ በ12 ኪሎ ሜትር ርቀት ክብ ብትሠሩ የክቡ ስፋት 450 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። አንድ ገበያ የሚመገበው ከዚህ ክብ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ነጋዴው እንምጣ። በዚያ ክብ ውስጥ ያለ ገበሬ ጨው፣ በርበሬ ወይም ማረሻ በየቀኑ አይገዛም። አንድ ነጋዴ በየቀኑ ቁጭ ብሎ ቢጠብቅ ዝንብ ሲያባርር ይውላል። ሁሉም በአንድ ቀን ከመጣ ግን የስድስት ቀን ሸማች በአንድ ቀን ይገኛል። ገበሬውም ይጠቀማል፤ ብዙ ገዢ ባለበት ዋጋ ማወዳደር ይችላል። ነጋዴው ደግሞ በሌሎቹ ቀናት ሌላ ገበያ ይሄዳል። ቀን መቁጠሪያው ሰውን ሁሉ ያለ ስልክ፣ ያለ ደብዳቤ አንድ ቦታ ያገናኛል።

ይህ የደራ ሰው ብቻ የደረሰበት ዘዴ አይደለም። ጥንታዊት ሮም በየስምንት ቀኑ የሚመላለስ የገበያ ቀን ነበራት። በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ የኢግቦ ሕዝብ ሳምንት አራት ቀን ሲሆን፣ ቀኖቹ ኤኬ፣ ኦሪዬ፣ አፎ እና ንክዎ ይባላሉ፤ ገበያዎችም በእነዚሁ ስሞች ይጠራሉ። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊሊያም ስኪነር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለ ቻይና ገጠር ባሳተማቸው ጽሑፎች የገበሬው ዓለም የሚያልቀው መንደሩ ላይ ሳይሆን ገበያው ላይ ነው ሲል ተከራከረ። ዘመድ የሚጠየቀው፣ ሙሽራ የሚፈለገው፣ ወሬ የሚሰማው ገበያ ነው። ይህን ለእናንተ አያት ብትነግሯቸው «ለዚህ ደግሞ ፈረንጅ ያስፈልጋል?» ሊሏችሁ ይችላሉ።

ለምን ሐሙስ?

እዚህ ላይ አንድ ጥሩ የሚመስል መልስ አለ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያኖች ዘንድ ረቡዕና ዓርብ ጾም ናቸው። ሐሙስ በሁለቱ መካከል ያለ የፍስክ ቀን ነው። እና ቅቤ፣ ዶሮና እንቁላል ለመሸጥ ይመቻል ተብሎ ይሆናላ!

ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ግን አንድ ሐሳብ ስለተመቸን ብቻ አንቀበለውም፤ እንፈትነዋለን። አርብ ገበያ እዚያው ደራ ውስጥ አይደለም እንዴ? ዓርብ ጾም ነው፤ ገበያው ግን ቆሟል። ጎንደር ከተማም ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ገበያ ነው። ስለዚህ ጾሙ ብቻውን ቀን አይመርጥም።

የተሻለው መልስ ጎረቤትን ማየት ነው። ሁለት ቅርብ ለቅርብ ያሉ ገበያዎች በአንድ ቀን ቢቆሙ ሸማቹን ይሻማሉ፤ ሁለቱም ይከሳሉ። ቀናቸው ቢለያይ ግን ይረዳዳሉ። ሐሙስ ያልተሸጠው በግ ዓርብ ሌላ ቦታ ይሸጣል፤ ነጋዴውም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። አንድ ገበያ ቀኑን የሚያገኘው ብቻውን ሳይሆን ከጎረቤቶቹ ጋር ተከፋፍሎ ነው። «ሐሙሲት» የሚለው ስም በውስጡ «ጎረቤቶቼ ሌላ ቀን አላቸው» የሚል ዝም ያለ ስምምነት ይዟል።

ሐይቁ ዳር የነበረችው ታላቅ ከተማ

የደራ ንግድ ከሐሙሲት በፊት ሌላ መናኸሪያ ነበረው። ከሐሙሲት ወደ ምዕራብ የጥቂት ሰዓት የእግር መንገድ ብትሄዱ ጣና ዳር ቆራጣን ታገኛላችሁ። ዛሬ ጸጥ ያለች ቦታ ናት። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ስሟ ከጎንደር እስከ ጎጃም የታወቀ የንግድ ከተማ ነበረች።

ቆራጣ መጀመሪያ በገዳሟ ታወቀች። ገዳሙ ከወለተ ጴጥሮስ ስም ጋር የተያያዘ ነው። ወለተ ጴጥሮስ (1592–1642 እ.ኤ.አ.) አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክ እምነትን ሲቀበሉ «አልቀበልም» ብላ ትዳሯንና ክብሯን ትታ የወጣች የባላባት ልጅ ናት። ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ በ1672 (እ.ኤ.አ.) ገድሏን በግዕዝ ጻፈ። ስለ አንዲት አፍሪካዊት ሴት ሕይወት በአፍሪካ ቋንቋ ከተጻፉት ቀደምት መጻሕፍት አንዱ ይኸው ነው። ቆራጣ ከንጉሥ ቁጣ ለሸሸ ሰው መማጸኛ ሆነች። አስቡት፦ ሰው የማይዘረፍበት ቦታ ለነጋዴም ይስማማል።

ሁለተኛው ምክንያት መንገድ ነው። ሲራራ ነጋዴዎች ከጎንደር ተነስተው በይፋግ አልፈው፣ በጣና ምሥራቃዊ ዳር ወርደው፣ ዓባይን ተሻግረው ጎጃም ይገባሉ። ከደቡብ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣ ነበር። ባሪያ ተብለው የሚነዱ ሰዎችም በዚሁ መንገድ አልፈዋል፤ ይህንን ሳንናገር የንግድ ታሪክ ብናወራ ግማሹን መደበቅ ይሆናል። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው ይመጣል። አሞሌ ከአፋር በረሃ የሚቆረጥ የጨው ጡብ ነው፤ እንደ ገንዘብም ያገለግላል። ከበረሃው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ለትልቅ ግብይት ደግሞ የኦስትሪያዋ ንግሥት ምስል ያለበት ማርትሬዛ ብር ነበረ። በአንድ የደራ ገበያ የአፋር ጨውና የቪየና ብር ይገናኙ ነበር ማለት ነው።

ዓባይን መሻገር ከባድ ነው። ለዚህ ነው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በ1626 (እ.ኤ.አ.) ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች፣ አላታ ላይ፣ የድንጋይ ድልድይ የተሠራው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) ፏፏቴውን ለማየት ሲመጣ በደራ በኩል አለፈ፤ መንገዱን ያቀናለትም የደራ ሙስሊሞች አለቃ የነበረው ነጋድራስ መሐመድ ነው። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ነው፤ ቀረጥ የሚያስከፍለው፣ የነጋዴን ጠብ የሚዳኘው እሱ ነው። ደራ የክርስቲያን ገዳምና የሙስሊም ነጋዴ ጎን ለጎን የኖሩበት አገር እንደነበር ከዚህ ታያላችሁ።

በ1858 ዓ.ም. ደግሞ ቆራጣ ያልተለመደ እንግዳ ተቀበለች። ሆርሙዝ ራሳም ይባላል፤ የሞሱል ተወላጅ ነው። ከዚያ በፊት ነነዌ ላይ ቆፍሮ የጊልጋሜሽ ታሪክ የተጻፈባቸውን የሸክላ ጽላቶች ያገኘው ሰው ነው! የእንግሊዝ መንግሥት አፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት ላከው። ንጉሡ ቆራጣ እንዲቆይ አዘዙ፤ እስረኞቹም ከመቅደላ ተፈትተው እዚያ መጡ። ግን ነገሩ ተበላሸና በሚያዝያ ራሳም ራሱ ከነባልደረቦቹ ዘጌ ላይ ታሰረ። በዚያው ክረምት መግቢያ የንጉሡን ሠፈር ኮሌራ መታው። ቴዎድሮስም ሠራዊታቸውን ከሐይቁ ዳር አንስተው ወደ ደጋው፣ ወደ ደብረ ታቦር ወሰዱት፤ በሽታውም እዚያ ጋብ አለ። ያኔ የኮሌራን ጀርም በሳይንስ የሚያውቅ ሐኪም ብዙም አልነበረም፤ ከቆላው ሽሽ፣ ደጋ ውጣ የሚለው የአገሬው ልምድ ግን ሕይወት አዳነ።

መንገዱ ሲዞር

ታዲያ ቆራጣ እንዲህ ታላቅ ከነበረች፣ ዛሬ አውቶቡስ የሚቆመው ለምን ሐሙሲት ላይ ሆነ?

ቆራጣን ያቆሟት እግር፣ በቅሎና ታንኳ ናቸው። ከደንገል የሚታሰር ታንኳ ላለው ነጋዴ ሐይቁ ራሱ መንገድ ነው። የመኪና መንገድ ሲመጣ ግን ሕጉ ተለወጠ። መኪና ረግረግ አይወድም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ከሚውጠው ዳርቻ ራቅ ብሎ ጠንከር ያለ መሬት ይፈልጋል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ከሐይቁ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ወጣ። ሐሙሲት በዚህ መንገድ ላይ ተገኘች፤ ቆራጣ ቀረች።

ባሕር ዳርም በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የፖሊቴክኒክ ተቋም አግኝታ በፍጥነት አደገች። ያደገ ከተማ እህል፣ ሽንኩርት፣ በግና ማገዶ ይበላል። ከዓባይ ማዶ ያለው ደራ ጓዳው ሆነ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ይህን ትስስር የበለጠ አጠበቀው።

ከዚህ አንድ ትምህርት ውሰዱ። ከተማን መንገድ ይሠራዋል፤ መንገድ ያሳንሰዋልም። ቆራጣ ጥፋት አላጠፋችም፤ ሰው የሚጓዝበት መንገድ ተቀየረ እንጂ። ዛሬ ሐሙሲትን ያቆማት አስፋልት ነው። ነገ ሌላ ዓይነት መጓጓዣ ቢመጣ ማን ይሰፋል፣ ማንስ ይረሳል? ስለ መንገድ ስትሰሙ ይህን ጥያቄ አትርሱት።

ሜዳው፣ ጎርፉ እና ሩዙ

ሐሙሲት ገበያ ላይ ምን ይሸጣል ብሎ መጠየቅ መሬቱን መጠየቅ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,785 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። በስተምሥራቅ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ ቆሟል። ጉማራ ወንዝ ከጉና አካባቢ ተነስቶ፣ አፈር ተሸክሞ፣ በደራና በፎገራ መካከል ወርዶ ጣና ይገባል። ወንዙ ዳር ሰው የሚጠመቅበት የዋንዛዬ ፍልውሃም አለ። ወንዙ ከዳገት ወርዶ ሜዳ ሲደርስ ይደክማል፤ የተሸከመውንም ይጥላል። የሜዳው ጥቁር አፈር ከዚህ የመጣ ነው።

ለም ነው፤ ግን ክረምት ክረምት ውሃ ይተኛበታል። እንዲህ ያለ ጎርፍ ጤፍን ይጎዳዋል። ስለዚህ ሜዳው ለዘመናት በዋናነት የከብት ግጦሽ ነበር፤ የታወቀው የፎገራ ላም የዚህ አገር ልጅ ነው። ውሃው ሲሸሽ ደግሞ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ጓያ ድርቅን ይቋቋማል፤ ግን ውስጡ መርዝ አለ። ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት ጓያ ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል። «ጓያ ሰበረው» የሚባለው ለዚህ ነው።

ከዚያ በ1970ዎቹ ሩዝ መጣ። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ደራ ውስጥ በጅግና፣ ፎገራ ውስጥ ደግሞ በሻጋ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ላይ ሞከሩት። ያዘ። ምክንያቱ ሩዙ ውስጥ ነው፦ ግንዱና ሥሩ ውስጥ እንደ ቀጭን ቱቦ ያሉ የአየር መተላለፊያዎች አሉ፤ ቅጠሉ ያገኘው አየር በእነሱ ወርዶ ውሃ ውስጥ ያለውን ሥር ያስተነፍሰዋል። ጤፍን የሚጎዳው ጎርፍ ለሩዝ ምቾት ሆነ። ገበሬው ከዓመት ዓመት አሰፋው፤ ሴቶችም ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ጋገሩት። ለብዙ ዓመት የተዘራው ዝርያ እስከ ዛሬ «ኤክስ ጅግና» ይባላል። አንዲት የደራ ቀበሌ ስሟ በእርሻ ተመራማሪዎች መዝገብ የገባው እንዲህ ነው።

ጎርፉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰው ለጎርፉ የሰጠው መልስ ነው።

የሐሙሲት እኅቶች

ትግራይ ውስጥ በአዲግራትና በውቅሮ መካከል እዳጋ ሐሙስ የሚባል ከተማ አለ፤ እዳጋ ገበያ ማለት ነው። ሞሮኮ ውስጥ ኸሚሴት፣ አልጄሪያ ውስጥ ኸሚስ ሚሊያና የሚባሉ ከተሞች አሉ፤ ኸሚስ በዐረብኛ ሐሙስ ነው፤ የግዕዙም የዐረብኛውም ሥር አንድ ነው። በቱርክ ጥቁር ባሕር ዳር ፐርሸምቤ የሚባል ከተማ አለ፤ እሱም ሐሙስ ማለት ነው። ስሎቫኪያ ድረስ ብትሄዱ ስፒሽስኪ ሽትቭርቶክ የሚባል መንደር ታገኛላችሁ፤ «የስፒሽ ሐሙስ» እንደማለት ነው። የሚያስቀው ነገር ሽትቭርቶክ የመጣው «አራተኛ» ከሚለው ቃል ነው። እኛ ከእሑድ ስንቆጥር ሐሙስ አምስተኛ ይሆናል፤ እነሱ ከሰኞ ሲቆጥሩ አራተኛ። ቀኑ ያው ነው፣ ቁጥሩ ይለያያል። እነዚህ ሰዎች አልተማከሩም። ግን ሁሉም እህል ያመርታሉ፣ በእግር ይሄዳሉ፣ በሳምንት አንድ ቀን ይገናኛሉ።

የእናንተ ድርሻ

ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች የጻፉት ንጉሥ የት ሠፈረ፣ ማንን ወጋ የሚለውን ነው። ጤፍ ተሸክማ 12 ኪሎ ሜትር የሄደችውን ሴት አልጻፏትም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደራ ወረዳ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ነበረው፤ አብዛኛው ገበሬ ነው። የዚህ ሁሉ ሰው የትናንት ታሪክ ያለው ወረቀት ላይ ሳይሆን አረጋውያን አእምሮ ውስጥ ነው። ያ መዝገብ ደግሞ ኮፒ የለውም።

ስለዚህ ሐሙሲትም ኑሩ፣ አርብ ገበያም፣ አዲስ አበባም፣ ዛሬ ማታ አንድ ሥራ ያዙ። ስልካችሁ ላይ ድምፅ መቅጃውን ክፈቱና አያታችሁን ጠይቁ። «ስለ ድሮ ንገሩኝ» አትበሉ፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ ሰፊ ስለሆነ መልሱም «ድሮማ ጥሩ ነበር» ሆኖ ይቀራል። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ ገበያ ለመሄድ ስንት ሰዓት ይነሡ ነበር? ምን ተሸክመው? ወንዝ የት ይሻገሩ ነበር? ጨውን በምን ይለውጡ ነበር? የመጀመሪያዋን መኪና የት አዩ? ሩዝን መጀመሪያ ሲቀምሱ ምን አሉ?

መልሱን ከነቀኑና ከነቦታው ጻፉት። ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ከነገራችሁ ሁለቱንም መዝግቡ፤ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነው። የአካባቢያችሁን ገበያዎች ዘርዝራችሁ በየትኛው ቀን እንደሚቆሙ ካርታ ላይ አስቀምጡ፤ ቀኖቹ እንዴት እንደተከፋፈሉ ስታዩ ትገረማላችሁ።

በሚቀጥለው ጊዜ በሐሙሲት ስታልፉ ደግሞ መስኮቱን ከፍታችሁ የከተማዋን ስም ከታፔላው ላይ አንብቡት። ማን እንደጻፈው የማይታወቅ፣ በአንድ ቃል የተጻፈ የታሪክ መጽሐፍ ነው።